ስታርቦርድ ቴን ያሉት መሪጌታ

መሪጌታ ይባቤ ማረፋቸውን የሰማሁት ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ፣ ስለ አንድ ጣሳ አተር ከነጋዴዋ ጋር ስነታረክ ነው። ነጋሪዬ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። “የኔታ ይባቤ አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ነው። ትመጣለህ ወይስ እዚህ አተር ስትቆጥር ትውላለህ?” አለኝ። እሳቸውን “አረፉ”፣ እኔን “ትመጣለህ”። ጢሜ ከሳቸው ጢም እኩል ነጭ ነው፤ ጉልበቴም እኩል ሰባራ። በዚህ አገር እኔን አንቱ ያለኝ ሰው ቢኖር ግን መንገድ ጠፍቶት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሲሰድቡት ከሰዳቢው ቀድሞ የሚስቅን ሰው ማን ያከብረዋል?

ከቀብር መልስ ንፍሮ ይዘን ተቀመጥን። ወሬው ከንፍሮው ቀድሞ ዞረ።

“ልጅቱስ የታለች?”

“ባሕር ላይ ናት አሉ።”

“አባቷ አፈር ሲለብሱ ባሕር ላይ?”

“ድሮስ! በአደባባይ የአባቷን ቃል ፊታቸው ላይ ስትመልስ የነበረች አይደለችም እንዴ?”

ልመልስ ስል አፌ ንፍሮ ሞልቶ ነበር፤ የቀሩኝ ጥርሶች ደግሞ ለወሬ እንጂ ለንፍሮ አይሆኑም። ተነሥተው እስኪሄዱ ድረስ አላምጬ አልጨረስኩም። አሁን ውጬዋለሁ። መልሴ ይኸው።

መሪጌታ ይባቤ እዚሁ ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም ወርደው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ፣ ከዚያም በጋይንትና በስማዳ ወሰን ላይ ባለችው አጥቢያችን የዜማ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ያረጁ መምህር ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። ገብሳቸውን ራሳቸው ያርሳሉ፤ በሬ እየነዱ ያዜማሉ፤ የኛ ሰው “የየኔታ በሬዎች ከኛ ዲያቆናት ይሻላሉ” ይል ነበር። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም። ጆሯቸው ውስጥ ዝንብ የገባ ይመስል ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፤ የመቋሚያቸውን ጫፍ አንዴ መሬት ያስነካሉ፤ “ድገም” ይላሉ። አለቀ። ደግሞ ሲሳሳት፣ ድገም። አንዱ ተማሪ ተማርሮ “የኔታ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ወደ እርሻዬ ልመለስ” ቢላቸው፣ “ተመለስ። ግን በሬህ ፈሩን በሳተ ቁጥር ‘ለዚህ አልተፈጠርኩም’ ብሎ ቢተኛብህ ምን ትለዋለህ?” አሉት። ተማሪው አልተመለሰም።

“የተሳሳተ አይወድቅም፤ የሚወድቅ የተወ ነው” ይሉ ነበር። እኔን ሲያዩኝ ግን “ሳይሳሳትም ሳይተውም የወደቀ አንተን ብቻ አየሁ” ብለው ይጨምሩበታል።

ወዳጅነታችን በባሕር የመጣ ነው። በጉብዝናዬ አሰብ ወርጄ በንግድ መርከብ ላይ ጥቂት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት ነበር። አገሬ ስገባ ግን መርከቡን ስነዳ የኖርኩት እኔ ሆንኩ። ሰውም “ካፒቴን” ብሎ ሰየመኝ፤ በሹመት ሳይሆን በንቀት። መሪጌታ ይባቤ አውድማቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡኝና “ዛሬስ መርከቡን ወዴት ነዳኸው?” ይሉኛል። እዋሻለሁ። ያዳምጣሉ። ውሸቱ ሲበዛ መቋሚያው መሬት ይነካል፤ ያኔ ማዕበሉን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ።

አንጓች አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትምህርቷን ጨርሳ “መርከበኛ እሆናለሁ” ስትል አገሩ “የካፒቴን ውሸት አሳብዷት ነው” አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዕድሜዬ አንድ ሰው አምኖኛል ብዬ። በኋላ ስጠይቃት፣ “አምኜህ አይደለም ጋሼ። ከምታወራው ሩቡ እንኳ እውነት ቢሆን ይበቃኛል ብዬ ነው” ብላ ኩራቴን በአንድ ቃል አፈረሰችው።

ሠለጠነች፤ መርከብ ላይ ወጣች፤ ተራ የዴክ ሠራተኛ ሆነች። ገመድ መሳብ፣ ወለል ማጠብ፣ ዝገት መፋቅ፤ ማለትም እኔ ካፒቴን ሆኜ የሠራሁትን ሁሉ። ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ መርከበኞች ኤቢ ይሉታል። ኤቢ የሆነ ሰው ብቁ ነው ተብሎ የተመሰከረለት ነው፤ የመርከቡን መሪ ይዞ ይቆማል፤ የሰውና የዕቃ ሁሉ ነፍስ በእጁ ነው። እዚያ ለመድረስ ባሕር ላይ ማገልገል፣ ከዚያም ፈታኝ ፊት ቆሞ በተግባር ማሳየት ያስፈልጋል። አንጓች አገለገለች፤ ቆመች፤ ወደቀች። አንድ ዕድል ቀርቷታል። ያን ካጣች ቦታዋን ሌላ ይወስደዋል፤ እሷ ወደ ቤቷ። ይህን ሸክም ይዛ ነው ለጥቂት ሳምንታት ወደ አባቷ የመጣችው።

“በምን ወደቅሽ?” አልኳት። ወደቀ የተባለ ሰው ስሰማ ቶሎ እቀርባለሁ፤ ብቸኝነቴን ይቀንስልኛል።

“በመሪው።”

“ማዞር አቃተሽ?”

“ማዞሩንማ በልኩ አዞርኩት። መመለሱ ነው ያቃተኝ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። አዛዡ “ስታርቦርድ ቴን” ካለ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አሥር ዲግሪ አዙር ማለቱ ነው። መሪ ያዡ ግን ዝም ብሎ አያዞርም። ያንኑ ቃል ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ “ስታርቦርድ ቴን!” ከዚያ ያዞራል። አዛዡ ቃሉ ሳይጣመም መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ነው። አንጓች ይህን አሳምራ ታውቃለች። መርከቧ ላይ የነበሩት መኮንኖች እኩዮቿ ስለሆኑ ያለ ችግር ትመልስላቸው ነበር። ፈተናው ላይ ግን የጠበቃት ሽበታም ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ።

“ስታርቦርድ ቴን” አላት። አንገቷን ሰበር አድርጋ “እሺ አባቴ” አለች፤ አዞረችም። “ሚድሺፕስ” አላት፤ መሪውን ወደ መሃል መልሺ ነው። “እሺ።” ሁሉን አዘዛት፤ ሁሉን ሠራች፤ አንዱንም ቃል አልመለሰችም። ጣላት።

“ምን ላድርግ ጋሼ?” አለችኝ። “አባቴን የሚያህል ሰው! ቃሉን ከአፉ ተቀብዬ ፊቱ ላይ ልወርውረው? እያወቅሁ ምላሴ ተሳሰረ።”

የጋይንት አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ይላል። ለሌላው ልንገር። በኛ አገር ትልቅ ሰው “ውኃ አምጪ” ሲል ልጅ “ውኃ አምጪ” ብላ ብትመልስ፣ ማላገጥ ነው። እሺ ማለት ነው ያለባት፤ ከዚያ መሮጥ። በዚህ ምክንያት አርጩሜ የቀመሰ ጀርባ ሞልቷል። የኔ ጀርባ ሁለት ሰው ይወክላል።

መድኃኒቱ ቀላል መሰለኝ። ሽማግሌ ፊት መለማመድ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ እነሆኝ። አውድማቸው ላይ በርጩማ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንጓች ሰፌድ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፤ ሰፌዱ መሪ መሆኑ ነው።

“ስታርቦርድ ቴን!” አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

“ስታርቦርድ ቴን!” አለች፤ ቅንጣት አልተደናቀፈችም።

“ፖርት ፋይቭ!” ወደ ግራ አምስት ነው።

“ፖርት ፋይቭ!” ብላ ሳቋ አመለጣት። ሰፌዱን ደረቷ ላይ አቅፋ እስክትታጠፍ ሳቀች። “ጋሼ ሙት፣ ለአንተ መመለስስ አያቅትም!”

መሪጌታ ከአጥሩ ሥር ቆመው ያዩ ነበር። ቀረብ አሉና፣ “የሚከበር ሽማግሌ ነው የሚያስፈልጋት። አንተ ሽማግሌ ብቻ ነህ” አሉኝ። በርጩማውን በእግራቸው ነካ አደረጉ። “ተነሥ።”

የካፒቴንነት ዘመኔ በዚያው ጠዋት አበቃ።

ከመቀመጣቸው በፊት ግን ጠየቁኝ። “ለምንድን ነው የሚመልሱት?”

ነገርኳቸው። መርከብ ከባድ ነው፤ ቃል ተሳስቶ ከተሰማ ስሕተቱ የሚታወቀው መርከቡ ከዞረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከዓለት ጋር መከራከር ነው አልኳቸው። ለአንድ ጊዜ አልዋሸሁም።

“ታዲያ ይህ የኛው አይደል?” አሉ። “እኔ የመራሁትን ተማሪው ካልተቀበለኝ፣ ጆሮው ውስጥ ምን እንደገባ በምን አውቃለሁ? እኔ የምፈራው ‘እሺ የኔታ’ ብሎ ዝም የሚለውን ነው።”

ባሕር ያላዩ፣ እንግሊዝኛ ያልነኩ ሰው ትእዛዞቹን ከኔ ተቀብለው ወዲያው ዜማ አበጁላቸው። ስታርቦርድ በግዕዝ፣ ሚድሺፕስ በዕዝል። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በርጩማው ላይ ቀጥ ብለው፣ ፊታቸውን ከአውድማው በታች ወዳለው ገደል አዙረው፣ “ስታርቦርድ ቴን” አሉ።

አንጓች አንገቷን ሰብራ ሰፌዱን ብቻ አዞረች።

“ድገሚ።”

ዓይኗ እንባ ሞላ። “አብዬ፣ ለእርስዎስ መመለስ አይሆንልኝም።”

መቋሚያው መሬት ነካ። “ድገሚ።”

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ገበሬው ወደ እርሻው ሲወጣ እነሱ አውድማው ላይ ናቸው። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሹክሹክታ ወጣ፤ “ይህን ጉንዳን እንጂ መርከብ አይሰማውም” አሉ። ከዚያ ድምፅ ሆነ። ቀጥሎ ጩኸት። ጩኸቱን የሰማች አንዲት ጎረቤት ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ እንስራዋን ይዛ ቆማ አዳመጠች፤ ልጅቱ የአባቷን ቃል አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ ትመልሳለች፤ እሳቸውም ደግመው ይነግሯታል። ወሬው እግር አያስፈልገውም። ማምሻውን “የየኔታ ልጅ ውጭ አገር ከርማ መጥታ አባቷ ላይ ቃል በቃል ታላግጣለች” የማይል ቤት አልነበረም። ከአንድ ሁለት ገበያ በኋላ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለች እኅቴ ደውላ ያንኑ ነገረችኝ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሰፌዱ ዱላ ሆኗል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። የመሯቸው የአጥቢያችን ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁ፣ ራሳቸውም ድሮ የመሪጌታ ተማሪ የነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሥርዓት የሚወድ ሰው ናቸው፤ ሥርዓት ሲወደድ አንዳንዴ ሰው ይረገጣል። እኔ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። አስረዳሁ። ስለ መሪው፣ ስለ ፈተናው፣ መሃል ላይ አፌ አመለጠኝና ስለ ዓሣ ነባሪም አስረዳሁ። ቄሰ ገበዙ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ “ካፒቴን ይህን ያህል ከደገፈው፣ ነገሩ እውነትም መጥፎ ነው” አሉ።

ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። “የኔታ፣ ልምምድ መሆኑ ገብቶናል። ቢሆንም የአባት ቃል በአባት ፊት አይመለስም። የጉባኤው ልጆች ያያሉ፤ ነገ በየቤታቸው ይሠሩታል። ልጅቱ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅዎ፤ ልምምዱም ይቅር። ካልሆነ የመጪውን በዓል ማኅሌት ሌላ ሰው ይምራው።”

ድንጋዩ ተዘጋጅቶ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። አንጓች ከቤት ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ድንጋዩ ሄደች።

“አብዬ፣ ይቅርብኝ። የርስዎ ቦታ ከሚነካ እኔ ኤቢ ባልሆን ምን አለበት?”

ጎንበስ ብላ ልታነሣው ስትል መቋሚያው ድንጋዩ ላይ አረፈ።

“ተይው” አሉ መሪጌታ። ድንጋዩን በእግራቸው ገለበጡት። ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ተቀመጡበት። “ቄሰ ገበዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከኔ ዘንድ ሲማሩ፣ ስመራዎት ይቀበሉኝ ነበር ወይስ ዝም ይሉኝ ነበር?”

“እቀበልዎ ነበር።”

“ቃሌን?”

“ቃልዎን።”

“ጮክ ብለው?”

“ካልጮኽኩማ ያ መቋሚያ ነበረ!” ሰው ሳቀ። ቄሰ ገበዙም ፈገግ አሉ።

“ያኔ ድንጋይ አሸክሜዎ ነበር?”

“የኔታ፣ እሱማ ትምህርት ነው። እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ…”

መሪጌታ ጆሯቸው ውስጥ ዝንብ ገባ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። “እሱን ይድገሙልኝ” አሉ።

ቄሰ ገበዙ አልደገሙትም።

“አንጓች!” አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። “መሪሽን ያዢ!”

ሰፌድ ፍለጋ ወደ ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ። ያገኘሁት ሽንብራ የተዘረጋበት ነበር፤ ስጣደፍ ሽንብራውን ሁሉ በሽማግሌዎቹ እግር ሥር በተንኩት። በዚያ ታላቅ ቀን የኔ ድርሻ ይኸው ነው።

“ስታርቦርድ ቴን!”

አንጓች ቄሰ ገበዙን አየች። ከአባቷ ሥር ያለውን ድንጋይ አየች። አንገቷ ቀና ሲል አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ሲሰበር አላየሁትም።

“ስታርቦርድ ቴን!”

“ሚድሺፕስ!”

“ሚድሺፕስ!”

“ስቴዲ!” ባለበት ያዢው ማለት ነው።

“ስቴዲ!” አለች፤ ይህን ጊዜ ከአጥሩ ኋላ ሆነው የሚያዩት የጉባኤ ተማሪዎች ልማድ ይሁን ድፍረት እንጃ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ “ስቴዲ!” ብለው ተቀበሉ።

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። ከጫማቸው ሽንብራ እያራገፉ፣ “ማኅሌቱን ሌላ ይመራል” አሉ።

“ይምራ” አሉ መሪጌታ። “ከኋላ ቦታ አላጣም።”

አላጡም። የበዓሉ ዕለት ከትንንሾቹ ተማሪዎች ጎን፣ ከመጨረሻው ረድፍ ቆሙ። ያፈሩ መስሎኝ ሰርቄ ባያቸው፣ እንደ ወትሮው ደረታቸውን ነፍተው ይቀበላሉ። በኋላ አጥቢያው ተጸጽቶ ቦታቸውን ቢመልስላቸው፣ “እግሬ ኋላውን ለምዷል። ደግሞም የሚሳሳተው ሁሉ ከዚህ ይታያል” ብለው በዚያው ቀሩ። እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን ወደ ፊት አልወጡም። ይመለሳሉ ብለው የጠበቁ ሁሉ እየጠበቁ ቀሩ።

አንጓች ሄደች። የፈተናው ዕለት የኔታ ስልክ ስለሌላቸው የኔ ስልክ ዙሪያ ተቀመጥን። ሲጠራ አነሣለሁ ብዬ ስጣደፍ ሁለቴ ዘጋሁት። በሦስተኛው እሳቸው ቀምተው ያዙት።

“አብዬ፣ አለፍኩ!”

“ማን ፈተነሽ?” አሉ።

“ያው ሽማግሌው ነው።”

“ቃሉን ስትመልሺለት ተቆጣ?”

“አልተቆጣም አብዬ። ‘ልጄ፣ ቀስ በይ፤ ገና አልደነቆርኩም’ አለኝ።”

መሪጌታ ይባቤ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳቁ። ስንት ዘመን ላስቃቸው ለፍቼ ያልተሳካልኝን አንድ የማላውቀው ፈታኝ በአንድ ቃል ሠራው። ቅናቴን አልደብቅም።

አሁን ንፍሮ ይዛችሁ ወደ ጠየቃችሁት ልምጣ። ልጅቱ ለምን አልመጣችም? ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥታ ስትመለስ፣ እኔ እያለሁ እንዲህ ብለዋታል፤ “ሞቴን ስትሰሚ መሪ ይዘሽ እንደሆን መሪውን አትልቀቂ። ተረኛው ሲቀበልሽ ያኔ አልቅሺ። ለቀብሬ ሰው አላጣም።” እሷም ይህንኑ ቃል በቃል መለሰችላቸው። ስለዚህ በዚያ ለቅሶ ከነበርነው ሁሉ ሟቹን የታዘዘቻቸው የሌለችው ናት። አሳዳጊ የበደላት ያላችሁ ካላችሁ፣ አሳዳጊዋን የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማንነታቸውን ጠይቃችሁ ብትቀብሩ ጥሩ ነበር።

ይህን ባሏት ዕለት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። የገበያ ቀን ስለነበር አገሩ ሁሉ እዚያ ነው፤ ቄሰ ገበዙም ከነዘመዶቻቸው አሉ። አንጓች ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው ቀና አደረጓት።

“ዛሬ አንቺ እዘዢኝ” አሏት።

“እኔ? ምን ብዬ አብዬ?”

“የፈለግሽውን። ደረጃሽ ነው።”

ግራ ገባት። ወደኔ አየች፤ እኔ ምን አውቃለሁ? የአውቶቡሱ ረዳት “የቀረ ግባ!” እያለ ይጮኻል። “ነፋስ ነው አብዬ” አለች በሹክሹክታ። “ጋቢዎን ይልበሱና ቤትዎ ይግቡ።”

“አልተሰማኝም።”

“ጋቢዎን ይልበሱና ቤትዎ ይግቡ!”

መናኸሪያው ዞረ። በአባቷ ላይ ጮኸች የሚል ሹክሹክታ ከወዲያ ተነሣ። መሪጌታ ይባቤ መቋሚያቸውን ተከሉ፤ ቀጥ አሉ፤ ማኅሌት ይመሩበት በነበረው በዚያ ረጅም ድምፅ፣ ቄሰ ገበዙ እየሰሙ፣ ገበያው እየሰማ፣

“ጋቢዬን እለብሳለሁ! ቤቴ እገባለሁ!” አሉ።

ጋቢያቸውን ለበሱ። ዞሩ። ሰው መሃል ለመሃል እየተከፈለላቸው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ሄዱ። አውቶቡሱ እስኪነሣ እንኳ አልጠበቁም፤ ታዝዘዋላ!